በሩን የሚዘጉት አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ማረሚያ ቤት ሄዳችሁ የታሰረ ጠይቃችሁ ከሆነ፥ በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ፊት ምናልባት አታስታውሱትም። ስንቁን ይፈትሻል፥ ስማችሁን ይመዘግባል፥ መታወቂያችሁን ተቀብሎ ያስገባችኋል፤ ስትወጡም ይመልስላችኋል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ ታሰሩት ሲናገር የሚያመሰግነው ጠያቂዎችን ነው፤ እኛም ስንሰብክ የምናነሣው እነርሱኑ ነው። በየዕለቱ ወደዚያ ግቢ ገብቶ፥ ከታሰሩት ጋር ውሎ፥ ሲመሽ በሩን ቈልፎ የሚሄደው ሰው ግን በስብከታችን ብዙም አይነሣም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

እኚህ አባት በዞናችን ከተማ በሚገኘው ማረሚያ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገሉ ኢንስፔክተር ነበሩ፤ በቅርቡ ታምመው ዐረፉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ የክርስትና ስማቸው በጸሎተ ፍትሐቱ ተጠርቷል፥ እርሱ ይበቃል። የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት በበዓላት ታራሚዎችን ለመጠየቅ በሄድን ጊዜ በር ላይ ሰላምታ እንለዋወጥ ነበር። ማንነታቸውን የሰማሁት ግን ከቀብር በኋላ፥ በለቅሶው ድንኳን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሦስት ቀን ስቀመጥ ነው።

ፖሊሶች ለቅሶ ላይ ብዙ አይናገሩም። መጀመሪያ የተነሣው የእጅ ማስታጠቢያው ነገር ነበር። ለታራሚ የሚገባ ምግብ እንደሚፈተሽ ታውቃላችሁ፤ እንጀራው ይገለጣል፥ ወጡ ይማሰላል፥ ያመጣውም ሰው እንዲቀምስ ይደረጋል። ይህ የጥበቃ ሥራ ነውና ሊቀር አይችልም። እርሳቸው ግን በር ላይ ማስታጠቢያና ሳሙና አስቀመጡ፤ ተረኛ በሆኑበት ዕለት እጃቸውን ሳይታጠቡ የሰው ምግብ አይነኩም ነበር። እንጀራውንም ያመጣችው እናት ወይም እኅት በገዛ እጇ እንድትገልጠው ያደርጋሉ። አብራቸው ትፈትሽ የነበረች ባልደረባቸው እንደ ነገረችን፥ አዲስ ተመድባ በመጣች ጊዜ ምክንያቱን ብትጠይቃቸው፥ ይህ ምግብ ለሰው ገበታ የሚቀርብ ነው ብለው ብቻ መለሱላት። በበዓል ቀን ሰልፉ እስከ መንገዱ ድረስ ሲረዝም ሌሎቹ በእርሳቸው ዝግታ ይነጫነጩ እንደ ነበርም አልደበቀችም።

ሁለተኛው የመርዶ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ። ታራሚ እናቱ ወይም ልጁ አገር ቤት ስትሞት ወሬው በስልክ ወደ ቢሮ ይደርሳል። የሚነግረው ማን ነው? እንዴትስ ይነገረዋል? በዩኒቨርሲቲ የምማረው ሕግ ስለሆነ፥ ጉዳዩ ሲነሣ ወዲያው ትዝ ያለኝ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠሩት 122 የእስረኞች አያያዝ ደንቦች ናቸው። 70ኛው ደንብ እስረኛ የቅርብ ዘመዱ በጠና ሲታመም ወይም ሲሞት ወዲያውኑ እንዲነገረው፥ ሁኔታው ሲፈቅድም በአጀብ ወይም ብቻውን ሄዶ ቀብር ላይ እንዲገኝ ሊፈቀድለት እንደሚገባ ይደነግጋል። ደንቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል በአገራችን መርዶ ላይ ሲያርፍ ይከብዳል። እኛ መርዶ የምንነግረው በማለዳ፥ ዘመድና ጎረቤት ከተሰበሰበ በኋላ፥ የሚይዘው ሰው በአጠገቡ ቆሞ ነው። ስልኩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢደወልስ? ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበት ክፍል ለአንዱ «እናትህ ዐርፋለች» ብሎ በሩን ቈልፎ መሄድ ደንቡን ይፈጽማል፤ ሰውዬውን ግን ከነኀዘኑ ቈልፎበት መሄድ ነው።

ባልደረቦቻቸው እንደ ተናገሩት፥ እንዲህ ያለ ወሬ በመሸ ጊዜ ከደረሰ እርሳቸው ያን ሌሊት አይናገሩም፤ ወደ ቤታቸውም አይሄዱም፤ እዚያው ያድራሉ። ሲነጋ፥ ከቆጠራ በፊት፥ ከታራሚዎቹ መካከል የሰውዬውን አገር ልጆች ሁለት ወይም ሦስት ያስጠራሉ፥ አስቀድመውም ለእነርሱ ይነግራሉ። የፊት መታጠቢያ ውኃ ያዘጋጃሉ። ከዚያም እርሱን አስጠርተው፥ ኮፍያቸውን አውልቀው፥ መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠው ይነግሩታል። በዚያው ቀን ለቀብር እንዲሄድ የፈቃድ ጥያቄ ጽፈው ወደ አለቆቻቸው ይወስዳሉ። የተፈቀደበት ጊዜ አለ፤ ያልተፈቀደበትም ጊዜ አለ። ይህ ጥያቄ በፈተና ቢመጣ «ወዲያውኑ» የሚለውን እንደምጽፍ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የእርሳቸው አሠራር ከደንቡ ዐሳብ የራቀ አይመስለኝም።

ሦስተኛውን የተናገረው ሰው ለመናገር የቸገረው ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ታራሚ አመለጠ፤ በማግስቱም ተይዞ ተመለሰ። ግቢው ውስጥ ፖሊሶች ከብበው ይደበድቡት ጀመር። ኢንስፔክተሩ መካከል ገብተው ቆሙ፤ አንዱም ዱላ በክንዳቸው ላይ ዐረፈ። በማግስቱ የሆነውን ሁሉ፥ የተሳተፉትንም ስም፥ ጽፈው ለአለቃ ሰጡ። ተናጋሪው ስማቸው ከተጻፈው አንዱ ነው፤ ከደመወዙ ተቀጥቷል። ባልደረቦቹ አኰረፏቸው፤ ሻይ እንኳ አብረዋቸው መጠጣት ተዉ። እርሱም ለስምንት ወራት ሰላምታ እንደ ነሣቸው፥ እርሳቸው ግን በየማለዳው እጅ መንሣታቸውን እንዳልተዉ ነገረን። ዛሬም ቢሆን ስም ጽፈው መስጠት አልነበረባቸውም ብሎ ያምናል። ሦስቱንም ቀን ግን ከድንኳኑ አልተለየም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች ሰብኣዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን በንባብ ማወቅ ቀላል ነው። እስረኛ ያመለጠበት ጠባቂ ምን እንደሚሰማው ግን መጽሐፍ ቅዱስም አይሰውረንም፤ ጴጥሮስ ከወኅኒ በወጣ ጊዜ ሄሮድስ ጠባቂዎቹን አስገድሏቸዋል፥ የፊልጵስዩሱም ጠባቂ በሩ ተከፍቶ ባየ ጊዜ ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዝዟል። የደብዳቢዎቹ ቍጣ ከፍርሃት የመጣ ነበር። በዚያ ፍርሃት መካከል ገብቶ የሚቆም ሰው ባልደረቦቹን እንደሚያጣ ዐውቆ ነው የሚቆመው።

እኔ ይህን ስሰማ ያሰብሁት አቤሜሌክን ነው። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ወኅኒ ጠባቂ አልነበረም፥ የቤተ መንግሥት ባለሟል እንጂ። ነቢዩ ኤርምያስን ከጭቃው ጕድጓድ ሊያወጣ ሲሄድ ሠላሳ ሰዎች ይዟል፥ ገመድም ይዟል፤ ገመዱም ማውጣት ይችል ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ከዕቃ ቤት አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ ወደ ታች ጣለለት፥ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው ከሥሩ እንዲያደርገው። ንጉሡ ስለ ጨርቁ ምንም አላዘዘም። ማስታጠቢያውንም፥ የማለዳውን ውኃም፥ ከዚህ ጨርቅ ጋር አስተያየኋቸው።

በሣልስቱ ማታ ከባልደረቦቻቸው አንዱ፥ ቍልፍ ያዥ ነው፥ ቀረብ ብሎ ካህናቱ ያነበቡት ፍትሐት ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ቃሉ ፈትሐ ከሚለው የግእዝ ግሥ እንደ መጣ፥ ይኸውም ፈታ ማለት እንደ ሆነ፥ ፈረደ ማለትም እንደሚሆን፥ ፍትሕና ፍትሐት ከአንድ ሥር እንደ ወጡ ነገርሁት። ጸሎቱ የሞተው ሰው ከኀጢአቱ እስራት እንዲፈታ የሚለመንበት ነው አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቈየ።

«ታዲያ ዲያቆን፥ ለቈላፊም ይነበባል?» አለኝ።

«ይነበባል፤ ለእርሳቸው ሲነበብ ሰምተሃል» አልሁት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ የሌሊት ተራው ደርሶ ስለ ነበር ተነሥቶ ሄደ።

ተዝካራቸው በአርባኛው ቀን ይሆናል። ባልደረቦቻቸው በአንድ ላይ መምጣት አይችሉም፤ በሩ ሰው ሊያጣ አይገባምና። የሌሊት ተረኞቹ በማለዳ ከነደንብ ልብሳቸው በቀጥታ ወደ ቅዳሴ ይመጣሉ፤ የቀን ተረኞቹ የሚደርሱት ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ምግቡ ለእነርሱም እንዲቈይላቸው ለዕድሩ እናቶች ነግረናል።