የአባት ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ፤ ከአዲስ ከተማ እስከ አዲስ ዓለም

ቤት ለመሥራት የሚነሣ ሰው ብዙ ያስባል፤ ቦታውን ይመርጣል፣ እንጨቱን ያሰናዳል፣ ጎረቤቱንም ያማክራል። ቤት ለመሸጥ የሚነሣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ዋጋውን ብቻ ነው። እኛም በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ በቆየንበት ዘመን፣ በአባት ቤት ምክንያት ወንድምና እኅት ተካሰው ሲቆሙ ደጋግመን አይተናል። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር በአንድ መንገድ ያየነውንና የሰማነውን ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ማስታወቅ የሚጠቅም መሰለን።

የመንገዳችን መነሻ መርካቶ ነበር። በዚያ የሚነግዱ አንድ ወዳጅ አሉን፤ ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ ንግዳቸውም በሸማ ተራ የነበረ ነው። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በዚያ ሰፈር በተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ዕቃቸው ሁሉ አመድ ሆነባቸው። ከቃጠሎው በፊት በነበረው ዓመት ግን፣ ገንዘብ በእጃቸው ሳለ፣ በአዲስ ዓለም አጠገብ በገጠር የሚገኘውን የአባታቸውን አሮጌ ቤት አሳምረው አድሰውት ነበር። አሁን ንግዳቸውን እንደገና ለማቆም ይህንኑ ቤት ሊሸጡ ቈርጠው፣ «ገዢ አግኝቻለሁ፤ አብረን ሄደን ቤቱን ይዩልኝና ስለ ውሉ ይምከሩኝ» ብለው ለመኑን። እኛም እሺ አልን።

ቅዳሜ ጧት ወደ አዲስ ከተማ በደረስን ጊዜ ገበያው ሞልቶ ነበር። ይህ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርረው በነበሩበት ጊዜ ግን፣ የአገሩ ተወላጅ ከነጩ ተለይቶ ለብቻው ይገበያይ ብለው ወደ ምዕራብ አዛወሩት። እነርሱ ሄዱ፤ ከቋንቋቸው የመጣው ስም ግን ቀረ። ሊለያዩት የፈለጉት ሕዝብም ገበያውን አስፍቶ ለራሱ አደረገው። ዛሬ በርበሬው፣ ሸማው፣ ጎማው፣ እያንዳንዱ በየተራው ተለይቶ ይሸጣል።

ወዳጃችን ለአንዱ በር ማጠፊያ ስለ ጐደላቸው፣ ለመግዛት ወደ ምናለሽ ተራ ይዘውን ገቡ። በዚህ ተራ የአሮጌ ዕቃ ሁሉ መጨረሻና መጀመሪያ ይታያል፤ የተጣለው በርሜል ተቀጥቅጦ ምጣድና ምድጃ ይሆናል፣ የዛገውም ብረት እንደገና ይቃናል። በአንድ ወገን ከፈረሱ ቤቶች የወጡ በሮችና መስኮቶች ተደርድረው አየን። ካንደኛው በር ላይ የልጆች ቁመት በየዓመቱ የተለካበት የቢላዋ ምልክት እስካሁን አልጠፋም ነበር። ሻጩን «ይህ በር ከማን ቤት የመጣ ነው?» ብለን ብንጠይቀው፣ «በኪሎ አይደለም፤ በቁጥር ነው የምሸጠው» ብሎ መለሰልን። ወዳጃችን ይህን ሰምተው ዝም አሉ፤ ማጠፊያውን ገዝተው ወጣን።

ከዚያ በአስኮ አድርገን፣ ቡራዩንና መናገሻን አልፈን ሆለታ ደረስን። ወራቱ የመውቂያ ስለ ሆነ የጤፉ ክምር በየአውድማው ቆሞ፣ ገለባው በነፋስ ወርቅ መስሎ ይበር ነበር። ሆለታ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለዕረፍት ያሠሩት ቤት የነበረባት፣ ገነት የተባለች ስፍራ ናት። ያ ቤት ከባለቤቱ በኋላ አልፈረሰም፤ በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኰንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተበት።

ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አዲስ ዓለምም ይህን የመሰለ ታሪክ አላት። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የማገዶና የቤት እንጨት ስለ ተቸገረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደዚህች ስፍራ ለማዛወር አስበው ሕንፃ አስጀምረው ነበር። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ የእንጨቱን ችግር ስላቃለለ አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንፃ ደግሞ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ በአንድ ጐዳና ላይ ሁለት የንጉሥ ቤቶች የተሠሩበት ጉዳይ ቢቀር፣ ሌላ ጉዳይ ተገኝቶላቸው ቆሙ። ይህን ያነሣነው ለኋላው ነገር ስለሚያስፈልገን ነው።

የወዳጃችን አባት ቤት ከከተማይቱ ወጣ ብሎ በጉብታ ላይ ይታያል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ክፍል ያለው የገበሬ ቤት ነው። እድሳቱም በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ምስጥ የበላውን የቋሚ እግር ቈርጠው በጥድ ተክተውታል፤ እንጨቱ ከእርጥብ መሬት እንዳይገናኝም ከሥሩ የድንጋይ መሠረት አስገብተዋል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ብዙ ቀን እንዲቦካ ተትቷል፤ ጭዱ ካልለሰለሰና ከጭቃው ካልተዋሐደ ግድግዳው ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ከዚህ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመርጎ በኖራ ተቀብቷል። የጣራው ሞራሌና ቆርቆሮ አዲስ ነው፤ መደቡና ምሰሶው ግን የጥንቱ ናቸው።

በቤቱ የሚኖሩት የወዳጃችን ታላቅ እኅት ናቸው። የእርሻውም መሬት የተመዘገበው በእርሳቸው ስም ነው። ቡና አፍልተው፣ ዳቦ ቈርሰው ተቀበሉን። ጥቂት ቆይቶ ገዢው ከአዲስ አበባ በመኪና መጡ። ቤቱን ዙረው አይተው ወደዱትና፣ «ከነመሬቱ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ መናገር የእኛ ፋንታ ሆነ። የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ አይሸጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን ያው አንቀጽ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ የገነባውን ቋሚ ንብረት የመሸጥና የማውረስ መብት፣ በመሬቱም የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥ ንብረቱን የማንሣት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ሻጩ ሊያቀርቡ የሚችሉት የሰው እጅ የሠራውን እንጂ ጉብታውን፣ ምንጩንና ማሳውን አይደለም፤ ከቤቱም ቢሆን የእኅታቸውን ድርሻ ያለ ፈቃዳቸው አይሸጡም ብለን አስረዳን።

ገዢው ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያውስ አፍርሼ ልውሰደው። ጥዱ፣ ወይራው፣ በሩና ቆርቆሮው ዋጋ ያወጣል፤ በሌላ ስፍራ አቆመዋለሁ» አሉ። ያቀረቡትም ዋጋ ትንሽ አልነበረም። ወዳጃችን አንገታቸውን ደፉ፤ የተቃጠለባቸውን ዕቃ የሚተካ ገንዘብ ነበርና።

እኅታቸው ግን ረከቦቱን ወደ ጐን ገፋ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ወንድሜ፣ የደከምክበትን አልክድህም። ቆርቆሮውና ኖራው የአንተ ነው። ቋሚውን ግን አባታችን ከጫካ በትከሻው ነው ያመጣው። ቤቱ ቢፈርስ አንተ ገንዘብህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ እኔ በየጧቱ ባዶውን መሬት እያየሁ እቀራለሁ። እሳቱ ያንተን ሱቅ በላ፤ አንተ ደግሞ የእኔን ቤት አትብላ።»

ከዚህ በኋላ የተናገረ የለም። ገዢውም ደግ ሰው ነበሩና፣ «ተመካከሩ፤ እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ የአገር ሽማግሌዎች ከቅዳሴ በኋላ ተጠሩ። ወዳጃችን የእድሳቱን ደረሰኝ አላጠፉትም ነበርና የቆርቆሮው፣ የሚስማሩና የሠራተኛው ሒሳብ አንድ በአንድ ተነበበ። ሽማግሌዎቹም ቤቱ የሁለቱ ወራሾች ስለ ሆነ ወጪውም የሁለቱ ይሁን፤ እኅት ግማሹን በሦስት መኸር በጤፍ ትክፈል፤ የፊተኛው ክፍያ ዛሬ በአውድማ ላይ ካለው ይሁን፤ ወንድምም የአንዱን ክፍል ቁልፍ ይያዝ ብለው ፈረዱ። ሁለቱም ተስማሙ። ወረቀቱ በሁለት ቅጅ ተጽፎ፣ ሁለት ምስክሮች ፈርመውበት ለየእጃቸው ተሰጠ። ለሽያጩ ውል ይዘነው የሄድነው ነጭ ወረቀት ለዚህ አገለገለ።

ገንዘቡ ገዢው ሊሰጡ ካሰቡት ያነሰ መሆኑን አንሰውርም። ወዳጃችንም በፊት እንደ ነበሩት ሰፊ ሱቅ አልከፈቱም። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ የገጠር ቤት የሚሸጥ ሰው ሊያስብባቸው የሚገቡትን አራት ነገሮች ከዚህ መንገድ ተምረናል። አንደኛ፣ መሬቱ በማን ስም እንደ ተመዘገበ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ወራሾች ሁሉ በአንድነት ይጠሩ፤ ያልተጠራ ወራሽ የነገ ከሳሽ ነውና። ሦስተኛ፣ ለእድሳት የወጣው ወጪ ደረሰኝ ይጠበቅ። አራተኛ፣ ሽያጩ ከተቈረጠ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚያዘው ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በሚገባውም ሹም ፊት ይመዝገብ፤ የቃል ሽያጭ አይጸናም። ከሁሉም በፊት ግን፣ ቤቱ ሳይፈርስ ችግሩ የሚቃለልበት መንገድ እንዳለ ይመርመር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወዳጃችንን በአዲስ ከተማ በእህል በረንዳ አገኘናቸው። የእኅታቸው ጤፍ ከመኪና እየወረደ ይሰፈር ነበር። የጤፉን ዋጋ ብንጠይቃቸው በደስታ ነገሩንና፣ ቀጥለው፣ «ያችን ማጠፊያ ገጥሜያታለሁ፤ በሩ አሁን ሳይንጫጫ ይዘጋል» አሉን።