ወደ ጁባ ለምትሄደው ልጄ

ሳቢያን፣ ድሬዳዋ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ለአገልግሎት የለዩሽ ዕለት ሰው ስለበዛ የልቤን ሳላጫውትሽ ቀረሁ። እናትሽ ሽሮውንና በርበሬውን እያሸገችልሽ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ከመጽሐፍ ቅዱስሽ ጋር አኖርልሻለሁ። ጁባ ገብተሽ ትንሽ ከተረጋጋሽ በኋላ ደግመሽ አንብቢው።

ምክሬ በአንድ ነገር ይጠቃለላል። ሰላም በታወከበት አገር የሚያገለግል እንግዳ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራውን ለአገሬው ሰው እያስረከበ ይሥራ። ነገ ውጪ ብትባዪ፣ የጀመርሽው ሁሉ አንቺን ተከትሎ መውጣት የለበትም። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ ከዚሁ የሚነሣ ነው።

የምትሄጂበትን አገር ታሪክ በሚገባ እወቂ። ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላት፣ ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም.፣ በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና ምክትላቸው በነበሩት በሪክ ማቻር መካከል የነበረው ጠብ ጦርነት ሆነ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጁባ ራሷ ለቀናት የጦር ሜዳ ሆነች። መስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ የካቲት 2012 ዓ.ም. የአንድነት መንግሥት ተመሠረተ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ማቻር ከቤታቸው እንዳይወጡ ታገዱ፤ ሲጠበቅ የኖረው ምርጫም በየጊዜው ተራዘመ። ጋምቤላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ተጠልለው የምታዪያቸው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። እነዚህ ቀኖች ለእኛ ዜና ናቸው። ፊደል ለምታስቆጥሪያቸው እናቶች ግን ልጅ የቀበሩባቸው፣ ቤት የተቃጠለባቸው፣ ባል የጠፋባቸው ቀኖች ናቸው። አንዲት ተማሪሽ ደብተሯን ዘግታ ዝም ብትል፣ ለምን አልሠራሽም ብለሽ ከመቆጣትሽ በፊት ይህን አስቢ።

ደግሞም ክርስትና ካንቺ ቀድሞ እዚያ መግባቱን አትርሺ። ካቶሊኩ፣ አንግሊካኑ፣ ፕሬስቢቴሪያኑ በዚያ ምድር ትውልድ ያለፈበት ቤተ ክርስቲያን አለው። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ከሰበኩትም በላይ ያስታረቁት ይደንቀኛል። በ1991 ዓ.ም. የዲንቃና የኑዌር አለቆች ለዓመታት ከተጋደሉ በኋላ ውንሊት በምትባል መንደር ተሰብስበው የታረቁት በአብያተ ክርስቲያናቱ ምክር ቤት ጥረት ነው። ሁለቱም ወገኖች የደረሰባቸውን በደል እየተነሡ ተናገሩ፤ ነጭ ኮርማ ታረደ፤ በባህላቸው ቃል ኪዳን ተገባቡ። ይህን የመሰለ ነገር የሠሩ ሽማግሌዎች ያሉበት አገር ስትገቢ መጀመሪያ መቀመጥና መስማት ይገባሻል። አንድ ዓመት ሙሉ ከመናገርሽ መጠየቅሽ ይብለጥ። ቋንቋቸውንም ተማሪ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ደጅ ሲነገር እየሰማሽ ያደግሽ የድሬ ልጅ ነሽና የጁባ ዓረብኛ አይከብድሽም። ሰው በገዛ ቋንቋው ሲያለቅስ አጠገቡ ያለው ሰው እንዲሰማው ይፈልጋል።

ቀጥሎ የምነግርሽን አጥብቀሽ ያዢ፤ በጠባቸው ውስጥ ወገን አትሁኚ። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሊይዝ በመጣ ጊዜ እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ከመድፉ ይልቅ እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው የመንደራችን ነገር ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ሶማሌ እናት ትንሹን ልጃቸውን ከደጅ ሲጠሩ ድምፃቸውን ማሰማት ትተው ነበር፤ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ያጨበጭባሉ። በቋንቋቸው እንዳይጠረጠሩ ነው። አያትሽ ይህን ካዩ በኋላ ቡና ባፈሉ ቁጥር በራቸው ድረስ ሄደው፣ በሚያውቋት ጥቂት ሶማሊኛ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው ይጠሯቸው ጀመር። ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም። ነገር ግን እኚያ ሴት የእኛ ሰው መሆናቸውን መንደሩ ሁሉ ከአያትሽ አፍ ሰማ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ዲንቃዋም፣ ኑዌሯም፣ ባሪዋም ካንቺ ቤት እኩል ትግባ፤ እኩል ትጠጣ። ስለ መሪዎቻቸው ሲያወሩ አድምጪ፣ አትፍረጂ። የሰማሽውን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት አታመላልሺ። በፌስቡክና በቴሌግራም ስለ አገሩ ፖለቲካ አንዲት ቃል አትጻፊ፤ እዚህ ሆነሽ የጻፍሽው ቀላል አስተያየት እዚያ ሰው ሊያሳስር ይችላል።

ይህን ስል ግፍ ስታዪ ዓይንሽን ጨፍኚ ማለቴ እንዳይመስልሽ። የተመታ ሰው ካየሽ አንሺው፤ የተደበቀ ሰው ካለ አታጋልጪ፤ እውነቱን ብትጠየቂ አትዋሺ። ወገን አለመሆን ማለት የትኛውም ወገን ሲበደል የምታዝኚ መሆን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። የወላይታን ታሪክ ታውቂዋለሽ፤ ነገር ግን እንደ ሚሲዮናዊ ሆነሽ እንደገና እንድታስቢበት እፈልጋለሁ። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች ወላይታ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመት ያህል ሠርተው ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሲያስወጣቸው የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ይህችን ትንሽ ጉባኤ ትተው ሲሄዱ ልባቸው ምን ያህል እንደ ፈራ መገመት ትችያለሽ። በወረራው ዘመን የጉባኤው መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ የጸሎት ቤቶች ፈረሱ። ጦርነቱ አልፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። ከዚያ የወጡት ወንጌላውያን ናቸው ደቡቡን በእግራቸው ያዳረሱት፤ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ላይ ቆመች።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰባኪ እንደ ተአምር ብቻ ይተርከዋል። የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን እግዚአብሔር የተጠቀመበትን መንገድ ተመልከቺ። እነዚያ 48 ሰዎች እንግዶቹ ሳይኖሩ መጸለይ፣ ማስተማር፣ መቅጣትና ማጽናናት ይችሉ ነበር። ገንዘቡም፣ ቁልፉም፣ ውሳኔውም በባዕድ እጅ ቢሆን ኖሮ መኪናው ከሶዶ በወጣ ማግስት ሁሉም ባከተመ ነበር። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ናት። በእኛው ሐረርጌ፣ ደደርና በዴኖ ላይ ያገለገሉት የሜኖናይት ሚሲዮናውያን የአመራሩን ሥራ ቀደም ብለው ለኢትዮጵያውያን አስረክበው ነበር። ደርግ ጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘግቶ፣ ንብረቷን ወርሶ፣ መሪዎቿን ሲያስር አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰባስበው ቆዩ፤ ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የእናቶቹን የንባብ ክፍል ስትከፍቺ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሁለት ሴቶች ምረጪና አጠገብሽ አቁሚያቸው። በሦስተኛው ወር እነሱ ያስተምሩ፣ አንቺ ከኋላ ተቀመጪ። መዝገቡና ቁልፉ በእነሱ ዘንድ ይደር። ገንዘብ ሲመጣ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ይቆጠር፣ በእነሱ ፊርማ ይውጣ። እርዳታን ማጥመጃ አታድርጊው፤ ዱቄት የሚታደል ከሆነ ጸሎት ቤት ለመጣውም ላልመጣውም እኩል ይታደል። የተራበ ሰው ሆዱን ይዞ የሚናገረው እምነት አንቺን ያታልልሻል፣ እሱንም ያዋርደዋል። የሕፃናቱን የእንባ ፎቶ ለላኪዎችሽ አትላኪ፤ እኛ የምንሰጠው ልጅ ራቁቱን ስላየን መሆን የለበትም።

መቆየትና መውጣት የሚባለው ጥያቄ አንድ ቀን ይመጣብሻል። ቄስ ጉዲና ቱምሳን ታስቢያለሽ፤ ብዙ ወጣት የሚያስበው እሳቸውን ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። እኔ ስማቸው ሲነሣ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ነገር ግን ልጄ፣ እሳቸው በገዛ አገራቸው የገዛ ሕዝባቸው እረኛ ነበሩ። አንቺ እንግዳ ነሽ። በግርግር ጊዜ የእንግዳ መኖር አንዳንዴ ለአስተናጋጁ ሸክም ይሆናል፤ አንቺን ለመደበቅ፣ አንቺን ለመመገብ፣ አንቺን ለማሻገር ሲል የገዛ ልጁን አደጋ ላይ የሚጥል ደግ ሰው አይጠፋም። ሐዋርያው ጳውሎስም ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ ወጥቷል፤ ፈሪ ያለው የለም። ስለዚህ የአገሬው ሽማግሌዎች ውጪ ካሉሽ በዚያው ቀን ውጪ፤ ቆዪ ካሉሽና የላከችሽ ቤተ ክርስቲያንም ከተስማማች ቆዪ። ይህንንም አሁን፣ ከተማው ጸጥ ባለበት ጊዜ ከእነሱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ፤ ማን እንደሚወስን፣ በየት እንደሚወጣ፣ ስልክ ቢቋረጥ የት እንደምትገናኙ በወረቀት ይስፈር። ተኩስ ሲሰማ የሚጀመር ምክክር ዘግይቷል።

ጥቂት የተግባር ነገሮች ልጨምርልሽ። እንደደረስሽ ጁባ ያለው ኤምባሲያችን ተመዝገቢ። የፓስፖርትሽንና የመኖሪያ ፈቃድሽን ቅጂ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለምታምኛት ሰው ስጪ። ገንዘብሽን በሁለት ቦታ አስቀምጪ። ወታደር፣ ኬላ፣ ድልድይ ፎቶ አታንሺ። ከከተማ ስትወጪ በቀን ውጪ፤ መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ዛሬ አይሆንም ካለ አትከራከሪ። አጎበር ሳትዘረጊ አትተኚ፤ ነጭ ዓባይ ዳር ያለው ወባ ከእኛ ድሬው የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም።

መሬት ላይ ያልፈነዳ ነገር ብታዪ አትንኪ። ያ ምድር ለረጅም ዘመን ፈንጂ ሲቀበርበት የኖረ ነው። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ከእኛ ወዲያ፣ ደጋሐቡር ላይ፣ ሮበርት ሆክማን የሚባል አሜሪካዊ የሚሲዮን ሐኪም ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ጋር ቁስለኞች ያክም ነበር። ያልፈነዳ የጣሊያን ቦምብ ሊያከሽፍ ሲሞክር ፈንድቶ ገደለው። ለሰው ብሎ ነው የሞተው፣ ክብር ይገባዋል። ቁስለኞቹ ግን ሐኪማቸውን አጡ። የተላክሽበትን ሥራ የሚሠራልሽ ሌላ ሰው በሌለበት ቦታ ራስሽን መጠበቅ የአገልግሎትሽ ክፍል ነው።

ምናልባት መንገዱ ተዘግቶብሽ ወራት በከንቱ ያለፉ ይመስልሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ኦኔሲሞስ ነሲብን አስቢ። ከባርነት ወጥቶ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ የተማረው ይህ ሰው ወለጋ ለመግባት በ1874 ዓ.ም. ገደማ በሱዳን በኩል ተጓዘ። ሱዳን በማህዲ ዐመፅ መታመስ የጀመረችበት ዘመን ነበር። ድንበሩ አጠገብ ፋማካ ደርሶ መሻገር ሳይችል ታሞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የተወለደበትን የኦሮሞ ምድር ሳይረግጥ ሃያ ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ሙሉ በሙሉ በኦሮምኛ አዘጋጀ፤ በ1891 ዓ.ም. ታተመ። በመጨረሻ ወለጋ ሲገባ ባዶ እጁን አልገባም። መንገድ በተዘጋብሽ ቀን ቋንቋ ተማሪ፣ ጻፊ፣ የታመመ ጠይቂ። ሥራ አታጪም።

ስለ ራስሽም እውነቱን ጻፊልን። ለቤተ ክርስቲያን የሚላክ ሪፖርት ላይ ድል ብቻ መዘርዘር የተለመደ ነው። አንቺ ግን እንቅልፍ ካጣሽ አጣሁ በዪ፤ ከፈራሽ ፈራሁ በዪ። ካልነገርሽን የምንጸልይልሽ በግምት ነው። ደክሞሽ ለዕረፍት ብትመለሺ ማንም አያማሽም፤ የሚያማ ቢኖር መጀመሪያ እኔን ያግኝ። ለእናትሽ በየሳምንቱ ደውዪላት፤ ስትስቂ መስማት ትፈልጋለች፣ ስታለቅሺ ግን ከእኔ ይልቅ የምትበረታ እሷ ናት።

ልጄ፣ ለምንድን ነው ይህን ያህል አደጋ ያለበት አገር ልጅህን የሰደድከው ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። መልሴ አጭር ነው። የእኛ አገር በታመሰ ጊዜ የሰው አገር ልጆች መጥተው አብረውን ቆመዋል፤ አንዳንዶቹም አፈራችን ውስጥ አርፈዋል። እነሱም አባትና እናት ነበራቸው። ዛሬ ተራው የእኛ ነው፤ ከእኔ ቤት አንቺ በመሆንሽ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

የሄድሽበት ይቅናሽ። ጥሩ ሰው ይግጠምሽ። አፍሽን ለእርቅ፣ እጅሽን ለሥራ ይክፈትልሽ። የምታስተምሪያቸው አንቺን የማይፈልጉበት ቀን ይምጣና በደስታ ተመለሺ። የአባትሽና የእናትሽ ምርቃት፣ የሳቢያን ጎረቤቶችሽ ሁሉ ጸሎት ካንቺ ጋር ነው።

የሚወድሽ አባትሽ