ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ጎንደር ላይ ሞተር የት ይደር?

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጎንደር አንድ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ ነበር። ወዳጄ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዞ ይኖራል። ሀብቱ አንዲት ሞተር ሳይክል ነበረች። ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥሎ የገዛት፣ የሞባይል ካርድ ለየሱቁ የሚያከፋፍልባት፣ እናቱን የሚጦርባት ሞተር! ማታ ማታ በረንዳው ሥር ያቆማታል፤ መሪዋን ይቆልፋል፤ ጨርቅ ያለብሳታል፤ ከዚያ ገብቶ ይተኛል።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ብወጣ ጨርቁ መሬት ላይ ተጥሏል። ሞተሯ የለችም! የግቢው በር ጓጉንቸር ቁልፍ ግን እንደተቆለፈ ነው። ሳይሰበር፣ ሳይጫር! የአከራይዋ ውሻ መጮህ የጀመረው ይሄኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደል?

ታዲያ ቁልፉ ካልተሰበረ ማን ከፈተው? የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ልጅ ዞረ። ከወገራ ገጠር መጥቶ ማታ የሚማር፣ ቀን ግቢውን የሚጠርግና የሚላላክ፣ የበሩን ቁልፍ የሚይዝ የ18 ዓመት ልጅ ነው። «እትዬ፣ እመቤቴን! እኔ አላየሁም» እያለ ቢምል የሚሰማው ጠፋ። ረፋዱ ላይ ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

ወዳጄ ቤት መቀመጥ አቃተው። «ተነስ እስቲ፣ እንውጣ» አለኝና በእግራችን ወደ መሀል ከተማ ሄድን።

ባልደራስ በር

ፋሲል ግቢን ሁላችሁም በፎቶ ታውቁታላችሁ። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ ነገሥታቱ እየተከታተሉ ያነጹበት ግቢ ነው። ዙሪያው 900 ሜትር ገደማ በሚሆን የድንጋይ አጥር ታጥሯል። በሮቹ 12 ናቸው። እያንዳንዱ በር ስም አለው፤ ከነዚህ አንዱ ባልደራስ በር ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ ባልደራስን በሰፈር ስምነቱ ነው የሚያውቀው። ባልደራስ ግን የንጉሥ ፈረሶች አለቃ ማዕረግ ነው። ለፈረስ ሹም ነበረው ማለት ነው!

የዐፄ በካፋን ሕንፃ ስታዩ ደግሞ የፈረሶቹ ማደሪያ የት እንደሆነ ልብ በሉ። ከግብር አዳራሹ ጋር፣ እዚያው ከአጥሩ ውስጥ ነው። ፈረስ ሰርቆ የሚወጣ ሰው ከጋጣው ማስወጣት፣ ሰው በሞላበት ግቢ ማለፍ፣ ከዚያም ጠባቂ ያለበትን በር መሻገር ነበረበት። ወደ ፋሲል መዋኛ ብትወርዱ በአካባቢው አንዲት ትንሽ ክብ ሕንፃ አለች። የአገሩ ሰው ዞብል የሚባል የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት ይላል። ወዳጄ እሷን አየና በምሬት ሳቀ።

«ለሞተ ፈረስ መቃብር የሠራ ከተማ፣ እኔ ለሞተሬ ማደሪያ አጣሁ!»

በቅሎዋ የት ታድራለች?

በማግስቱ አንድ ሰው ደውሎ «የምትመስል ሞተር ደባርቅ አይቻለሁ» አለው። ወዲያው ሚኒባስ ተሳፈርን። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ሽቅብ ነው። የሰሜን ተራሮችን ለማየት የሚመጣ እንግዳ በቅሎና አስጎብኚ የሚያገኘው እዚህ ነው። ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል።

ሞተሯ የሌላ ሰው ሆነች። መሸብን፤ በቅሎ ለእንግዳ የሚያከራዩ አንድ አባት አሳደሩን። እናላችሁ፣ ከእራት በኋላ ሽማግሌው በቅሏቸውን አስገቡ። የት? እኛው ካለንበት ቤት! ጋጣው ከውስጥ በኩል ነው። የቤቱ በር አንድ ብቻ ነው። የሳቸው መኝታ መደብ ደግሞ በጋጣውና በበሩ መካከል ነው። በቅሎዋን በጠፍር አሰሯት፤ በሩን በመወርወሪያ ዘጉ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ።

«አባባ፣ ቁልፍ የለዎትም እንዴ?» አልኳቸው።

«አለ እንጂ ልጄ። ቁልፍማ ብረት ነው፣ አይጮህ። እኔ እጮሃለሁ። በቅሎዬን የሚወስድ እኔን ረግጦ ነው የሚወጣ።»

ወዳጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። ሞተሯ በረንዳ ላይ ሳለች በሷና በመንገዱ መካከል የነበረው አንድ የቆርቆሮ በር ብቻ መሆኑ የገባው ያኔ ነው። እሱ የተኛው ከኋላ ነው። ሌባው ከፊት ነው የወጣው።

ሌባው ቁልፉን አልነካም

ጎንደር ስንመለስ በያጅ ጠርተን በሩን አሳየነው። ሰውዬው ቁልፉን ዞር ብሎም አላየው። በሌላ በኩል ሄደና የበሩን ማጠፊያ ነካ ነካ አደረገ፤ በሩን በሁለት እጁ ወደ ላይ አነሳው። በሩ ከማጠፊያው ወለቅ አለ! አንድ ሰው የሚያልፍበት፣ ሞተርም የሚያልፍበት ክፍተት ተፈጠረ። መልሶ ሲያስቀምጠው ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው። በማጠፊያው ዘንግ ላይ የተላላጠ ቀለምና አዲስ ጭረት አሳየን። መሪዋን ደግሞ ጉልበት ያለው ሰው በአንድ ንቅናቄ ይሰብራታል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ቁልፉን ብቻ ሳይሆን ቁልፉን የያዘውን ነገር እዩ። በያጁ ያስተማረንን እነሆ፦

ማጠፊያው እንዳይነሳ ከዘንጉ ራስ ላይ ቁራጭ ብረት ይበየድበት። የጓጉንቸሩ ማንጠልጠያ ከውጭ በሚፈታ ብሎን ታስሮ ከሆነ ከንቱ ነው፤ ብሎኑ ተሻግሮ ከውስጥ ይታሰር፤ ራሱ ከውጭ ይበየድ። አጥሩ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ በሚስማር የተመታ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ሚስማሩ እንደሚነቀል አትርሱ፤ ሞተሯ በምታድርበት በኩል ከውስጥ ፌሮ አግድም ይታሰርበት።

ሞተሯን ከመሬት ጋር እሰሯት። 16 ቁጥር ፌሮ እንደ ቀለበት ታጥፎ፣ እግሩ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ኮንክሪት ውስጥ ይቀበር፤ ሳምንት ሳይነካ ይድረቅ። ሰንሰለቱ በኋላ ጎማና በሻንሲው መሀል ይለፍ። የፊት ጎማ ብቻ ብታስሩ ሌባው ጎማውን ፈትቶ ጥሎላችሁ ይሄዳል። ሰንሰለቱ አጭር ይሁን፤ መሬት ላይ አይረፍ፤ መሬት ላይ ያረፈ ሰንሰለት ለመዶሻ ይመቻል። ዝናብና አቧራ እንዳይገባበት ጓጉንቸሩን በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ሸፍኑት።

መብራት ይጠፋል፤ ስለዚህ በመብራት ብቻ የሚሠራ ደወል አያስተማምንም። ከበሩ ውስጥ የተንጠለጠሉ ሁለት ባዶ ጣሳዎች ሳንቲም አያስወጡም፤ በሩ ሲነቃነቅ ይጮሃሉ። ተከራይ ሲለቅ የግቢው ቁልፍ ይቀየር። የሞተሯን ቁልፍ መስኮት አጠገብ ሚስማር ላይ አታንጠልጥሉ።

«እንግዲህ እንደ በቅሎዋ መኝታ ቤት ላስገባት?» የምትሉ ካላችሁ፣ ቆይ! በቅሎ ቤንዚን የላትም። ከሰል በሚነድበት፣ ምግብ በሚበስልበት ክፍል ሞተር አታሳድሩ። መውጫችሁ አንድ በር ብቻ ከሆነም እሱን በሞተር አትዝጉት፤ እሳት ቢነሳ ወዴት ትወጣላችሁ? ከክፍላችሁ በር ፊት፣ ኮሽታዋ በሚሰማችሁ ቦታ ማሰር ይበቃል። የሽማግሌው ትምህርት መንገዷ በእናንተ በኩል ይሁን ነው። ደግሞ ኮሽታ ሰማን ብላችሁ በጨለማ አትውጡ። ጮኹ፤ ጎረቤት ጥሩ። ሞተር ይተካል፤ ሰው አይተካም።

የሊብሬውን ቅጂ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ ለብቻ አስቀምጡ። ከጠፋች ደግሞ በዚያው ሰዓት አመልክቱ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ስትጥል ከምክንያቶቹ አንዱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። በእናንተ ታርጋ ሌላ ሰው ቢነጥቅ መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ሌባሻይ

ለመሆኑ ልጁስ? ሦስት ሌሊት ጣቢያ አድሯል!

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሲጠፋ፣ ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣና በስካሩ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። አውጫጭኝም ነበር፤ ሌባው እስኪወጣ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ጠቋሚው ስሙ እንዳይታወቅ «ወፍ ነገረኝ» ይባላል። አሁን ይህን ሰምተን እንስቃለን። እኛስ? እኛ ከሌባሻይ በምን ተሻልን? መድኃኒት ሳንጠጣ ተንገዳግደን የወደቅነው ከሁላችን ድሀ በሆነው ልጅ ላይ አይደለም?

ወዳጄ በያጁን ይዞ ጣቢያ ሄደ፤ የተነሳውን በር አስረዳ፤ ልጁ ተለቀቀ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» ብሎ እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ልጁ ያዘውና «ግድ የለም» አለው። ግቢው ደርሶ ደብተሮቹንና ብርድ ልብሱን ሰበሰበ። አከራይዋ «ምሳ ብላ እንጂ ልጄ» ቢሉት «ጠግቤያለሁ፣ እትዬ» ብሎ ወጣ።

ሞተሯ እስከዛሬ አልተገኘችም። ወዳጄ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ገዛ፤ በፌሮው ቀለበት ላይ ያስራታል። ልጁን አራዳ ገበያ አካባቢ አልፎ አልፎ ያየዋል። ከሩቅ ሰላም ይባባላሉ። «ና ቤት እንሂድ» ሲለው ግን «ሌላ ቀን» ይላል።

እናም ዛሬ ማታ ቁልፋችሁን ከመቆለፋችሁ በፊት በሩን በማጠፊያው በኩል ወደ ላይ አንስታችሁ ሞክሩት። ቸር እደሩ!