ሊጥ አይጠብቅም

ስለ ድሀ ሰፈር ሴት ልጅ ትምህርት ሲነሣ የሚወራው ስለ ክፍያ ፣ ስለ ደብተርና ስለ ረሀብ ነው። እውነት ነው ፤ አንክድም። ግን የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያውን አንሥቷል ፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣል። ቁርሱ ታዲያ የሚቀርበው ለደረሰች ልጅ ነው። እኛ ልንጽፍ የፈለግነው ስለ ቀረችው ነው።

ያደግንበት ግቢ በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ ነው ፤ ኋላ በጣውላና በጭቃ እየተከፋፈለ ስድስት ቤተሰብ ያዘ። ግድግዳ ይሉታል እንጂ መጋረጃ ነው ፤ የጎረቤት ሳል እንኳ የማን እንደሆነ ይለያል። ዱላማ እንዴት አይለይ! ቅዳሜ ማታ የአንዱ አባወራ ኮቴ ሲሰማ በየቤቱ ሬዲዮ ከፍ ይደረጋል። «የባልና የሚስት ነገር ፤ ምን አገባን» ይባላል። ሲብስ ማዶ ያሉት እትዬ ወጥተው «ኧረ በማርያም!» ይላሉ ፤ ያን ጊዜ ጋብ ይላል። (የእትዬን ድምፅ ከፖሊስ አብልጠን እናከብረው ነበር።)

ዱላው ያረፈው እናት ላይ ነው ፤ ከትምህርት ቤት የምትቀረው ልጂቱ ናት። እንዴት ቢሉ ፣ እናትየው እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤት ያስረክባሉ። ሊጡ ቦክቷል ፣ አብሲቱ ተጥሏል። ሊጥ ደግሞ ያበጠ ክንድ እስኪድን አይጠብቅም ፤ ካደረ ይኮመጥጣል ፣ ደንበኛም ይሄዳል። ስለዚህ ምጣዱ ፊት የ12 ዓመቷ ልጅ ትቀመጣለች። ወንድሟስ? ወንድሟማ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል ፤ ወንድ ልጅ ምጣድ ፊት ሲቀመጥ ማን አይቶ!

በሦስተኛው ቀን ስትመለስ መምህሩ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ይሏታል። የቱን ወላጅ? እናት ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል ፤ ሰው ፊት አይወጡም። ለአባት መንገር ሌላ ዱላ መጥራት ነው። እንግዲህ የፊቱ እብጠት እስኪጠፋ ሌላ ሳምንት ትቀራለች።

ሕጉስ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር ፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሚስትን መደብደብ ወንጀል ነው አለ። ደግ ሕግ ነው። ብቻ ከሳሽ ይፈልጋል ፤ ከሳሿ ደግሞ ባሏ ቢታሰር የጤፉን ዱቤ ማን እንደሚከፍል የምታሰላ ሴት ናት።

በግቢያችን እኩያሞች የነበርነው ሴቶች አምስት ነን። ዩኒቨርሲቲ የገባነው ሁለታችን ብቻ ነን ፤ አንዳችን አባቷ ቀድሞ የሞተባት ፣ ሌላዋ አያቷ ዘንድ የምታድር ነበረች። ሒሳብ ታስጠናን የነበረችው ያቺው የምጣዷ ልጅ ናት። 8ኛ ክፍል ላይ አቆመች። ዛሬ በቀን 150 እንጀራ ለሦስት ምግብ ቤት ታስረክባለች ፤ የሁሉንም ዱቤ በቃሏ ትይዛለች ፤ ተሳስታም አታውቅም።