ስምዎን ማን ልበል?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር። ነገር ግን እውነት የሚጠራው በገዛ ራስ ላይ ሲሆን ምን ያህል እንደሚከብድ የተረዳሁት ዕድሜዬ ሠላሳን ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው ጽሑፍ ስለ ታናሽ ወንድሜ፣ ይኸውም በአዲስ አበባ ከተማ ቀን ተማሪ፣ ሌሊት አዝማሪ ሆኖ ስለ ኖረ አንድ ወጣት ነው። ስለ እርሱ ስጽፍ ግን ስለ ራሴም መናገሬ አይቀርም፤ ከሁለታችን ይልቅ ሊታረም የሚገባው እኔ ነበርሁና።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተቀጥሬ፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤ እየመዘገብሁ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። አባታችን በጎንደር ገጠር ደብተራ ናቸው። ወንድሜ በ2011 ዓ.ም. ወደ እኔ ሲመጣ በትከሻው ላይ በነጠላ የተጠቀለለ መሰንቆ አንግቦ ነበር። መጫወትን የተማረው በሠርግ ወራት ወደ ሰፈራችን ከሚመጣ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ሲሆን፣ አባታችን ግን ይህን አያውቁም ነበር። በዚያው ዓመት የመግቢያውን ፈተና አልፎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ።

እኔም ለአባታችን ስልክ ደውዬ፣ «ልጅዎ ያሬድ ትምህርት ቤት ገብቷል» አልኋቸው። እርሳቸው የቅዱስ ያሬድን ስም ሲሰሙ ነገሩ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ መሰላቸው። «የያሬድ አምላክ ይርዳው፤ ለድጓው ለዝማሬው ያብቃው» ብለው መረቁት። እኔም ዝም አልሁ። ዝም ማለት ውሸት መናገር አይደለም እያልሁ ኅሊናዬን አባበልሁት።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነበር። ወንድሜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገብቶ ቢተኛ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ተነሥቶ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ ዳቦውን በመንገድ እየበላ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። በዚያም ከመሰንቆው ጋር ፒያኖ ይማራል፤ ኖታ ያነባል፤ የሰማውን ዜማ በወረቀት ላይ መጻፍን ይለማመዳል። መሰንቆ እንደሚታወቀው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። በአንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበት ምልክት ስለሌለው ተጫዋቹ እያንዳንዱን ድምፅ የሚያገኘው በጆሮውና በልምዱ ብቻ ነው። ወንድሜ ይህን ሲያስረዳኝ፣ «ጋሼ፣ ፒያኖ ድምፁን ቦታው ላይ አስቀምጦ ይጠብቅሃል፤ መሰንቆ ግን ሁልጊዜ አንተ ፈልገህ እንድታገኘው ያደርግሃል» ይለኝ ነበር።

ከትምህርት መልስ አንድ ሁለት ሰዓት ይተኛል። ከዚያም ጎረቤት እንዳይታወክ በመሰንቆው ቆዳ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ ደጋኑን በቀስታ እየሳበ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ይመላለስባቸዋል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ነጭ ልብሱን በፌስታል ይዞ ካዛንቺስ ወደሚገኝ አንድ የአዝማሪ ቤት ይወርዳል። በዚያ ቤት ደመወዝ የሚባለው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ኑሮው የቆመው እንግዳ ደስ ሲለው በግንባሩ ላይ በሚለጥፍለት ብር ነው። እርሱንም አብራው ከምትዘፍነው ልጅና ከከበሮ መቺው ጋር ይካፈላል። በጥር ወር ሠርጉ ስለሚደራረብ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት የለውም። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሲገቡ ግን ሠርጉም ይቆማል፣ እንግዳውም ይጠፋል። ስለዚህ የጥር ገንዘብ እስከ ፋሲካ እንዲደርስ ተቆጥሮ ይቀመጣል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቱም የምሽት ቤቱም በአንድ ጊዜ ሲዘጉ፣ ቀኑንም ሌሊቱንም በአንድነት ያጣው እርሱ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ባልደረቦቼ ስለ ወንድሜ ሲጠይቁኝ፣ «ዩኒቨርሲቲ ይማራል» ብዬ ፈጥኜ ወሬውን አዞር ነበር። አዝማሪ የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ቃሉ ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ መሆኑን፣ መሰንቆም በመዝሙረ ዳዊት በክብር መጠራቱን ከአባቴ ቤት ጀምሮ ዐውቃለሁ። ከካቲት 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ከባሕታውያንና ከጠንቋዮች ጋር አዝማሪዎችም እንዲገደሉ ማዘዙን አንብቤያለሁ፤ ጠላት እንኳ የአዝማሪ አንደበት ምን ያህል ሕዝብን እንደሚያነሣሣ ተረድቶ ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ማወቄ ግን ከኀፍረቴ አላዳነኝም። ሰው የሚያውቀውንና የሚኖረውን ነገር በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ሊይዝ ይችላልና።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ባልደረባችን የደረጃ ዕድገት አገኘና ደስታውን ለመካፈል ጥቂት ሆነን ወጣን። እራት ከበላን በኋላ አንዱ፣ «አዝማሪ ቤት እንሂድ» አለ። መንገዱ ወደ ካዛንቺስ ሲያመራ ልቤ ይመታ ጀመር። በዚያ ሰፈር ብዙ የአዝማሪ ቤት ስላለ ሌላ ቤት እንገባለን ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ተስፋዬ ግን ከበሩ ላይ ቀረ፤ ገና ስንገባ የምሰማው ደጋን ከአልጋዬ አጠገብ በየቀኑ የምሰማው ደጋን ነበር።

የመምሪያችን ኀላፊ ከፊት፣ እኔ ከጥግ ተቀመጥን። ወንድሜ ከእንግዳ ወደ እንግዳ እየተዘዋወረ፣ አንዱን በሹመቱ፣ አንዱን በመልኩ፣ አንዱን በራሰ በራነቱ እያነሣ ቤቱን በሣቅ ሞላው። አንዳንዱ እንግዳም ግጥም እየሰጠ ያዘፍነዋል። ወደ እኛ ሲቀርብ አየኝ። ዐይናችን ተጋጠመ። እኔም ዐይኔን ወደ ብርሌው ዝቅ አደረግሁ። ይህን ያደረግሁት አስቤ አይደለም፤ ሳላስብ ማድረጌ ግን ነገሩን የከፋ እንጂ የቀለለ አያደርገውም።

ተራው ደርሶ በፊቴ ቆመ። በቤት «ጋሼ» እያለ የሚጠራኝ፣ ሸሚዜን የሚተኩስልኝ ወንድሜ፣ ደጋኑን ከፍ አድርጎ በትሕትና ጎንበስ አለና፣

«ጌታዬ፣ ስምዎን ማን ልበል?» ሲል ጠየቀኝ።

አዝማሪ የማያውቀውን እንግዳ ስሙን መጠየቁ ደንብ ነው፤ ስሙን በግጥሙ ለማስገባት ነውና። ስለዚህ ከእኛ መካከል የጠረጠረ አልነበረም። የመካጃውን መንገድ እርሱ ራሱ ጠርጎ ሰጠኝ። «ወንድሜ ነህ» ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ለገዛ ወንድሜ ስሜን ነገርሁት። እርሱም መሰንቆውን በትዝታ ቃኝቶ እንዲህ አለ፦

ስሙን ጠየቅሁና ነገረኝ በደስታ፤
የማውቀው መስሎኝ ነው ያየሁት ላንዳፍታ።

ባልደረቦቼ፣ «ዝነኛ ነህ አለህ እኮ!» ብለው ሣቁ፤ አጨበጨቡም። ሰሙን ያዙ፤ ወርቁ ግን በእኔ ዘንድ ቀረ። እንደ ደንቡ ተነሥቼ በግንባሩ ላይ መቶ ብር ለጠፍሁ። ግንባሩ በላብ ርሶ ነበርና ብሩ ተጣብቆ ቀረ፤ እጄም እንደዚያ ሌሊት ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል በሩን በቀስታ ከፍቶ ሲገባ አልተኛሁም ነበር፤ የተኛሁ መሰልሁ። እርሱም መብራት ሳያበራ ልብሱን አውልቆ ተኛ። በማግሥቱ የፈተና ሰኞ ስለ ነበረ በአንድ ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ሄደ። በጠረጴዛው ላይ እንደ ልማዱ የወሩን የቤት ኪራይ ድርሻውን አስቀምጦ ነበር። ከላይ ያለው ያ የመቶ ብር ኖት ነው፤ በላብ ተጨማድዶ ደርቋል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ከነመጠኑ ታየኝ። ላለፉት ዓመታት የቤታችንን ኪራይ ግማሽ የከፈለው፣ ደመወዝ ሳይደርስ ዘይትና ዱቄት የገዛው፣ የማፍርበት ያ መሰንቆ ነው። በስሙ ለመጠራት አፍር ነበር እንጂ እንጀራውን ለመብላት አፍሬ አላውቅም።

ከመሥሪያ ቤት ስመለስ በመንገድ ዳር ቆሜ ለአባታችን ደወልሁ። ድምፄ እየተቆራረጠ፣ ልጃቸው የሚማረው ድጓ ሳይሆን መሰንቆ መሆኑን፣ ሌሊት በመጠጥ ቤት እየተጫወተ እንደሚማር፣ የደበቅሁትም እኔ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባባ?» ብል፣

«ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚጫወተው?» አሉኝ።

«አዎን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ።»

«ጧትስ ትምህርቱን ይቀራል?»

«ቀርቶ አያውቅም።»

ጥቂት ቆይተው፣ «ማሕሌትም በሌሊት ነው» አሉ። «እኔም ከበሮና ጸናጽል ይዤ ቆሜ እያደርሁ፣ ጧት ሞፈር ጨብጬ ነው ያሳደግኋችሁ። መጠጥ ቤቱን አልወድም፤ ይህን ንገረው። አንተ ግን ወንድምህን ሸሽገህ እኔንም አንተንም ከምታታልል ብትነግረኝ ይሻል ነበር። ለመሆኑ ሲመለስ የሚለብሰው ጋቢ አለው?»

ጋቢ አልነበረውም። ዐብረን ስንኖር እኔ ያላየሁትን አባታችን ከጎንደር ሆነው አዩት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ መንገደኛ አዲስ ጋቢ ይዞልን መጣ።

ያን ዕለት ማታ ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም መሰንቆውን እየወለወለ፣ «ጋሼ፣ ስንቱን እንግዳ ሳላውቀው አወድሰዋለሁ፤ አንተን ዐውቄህ ባወድስ ምን አለበት?» ብሎ ነገሩን በሣቅ ሊያልፈው ሞከረ። ዐይኑ ግን አልሣቀም። የእንዲህ ያለ ቁስል በአንድ ቃል እንደማይሽር ከዐይኑ ተረዳሁ፤ ይቅርታን በአፍ ከጠየቁ በኋላ በሥራ መክፈል እንደሚቀርም ዐወቅሁ።

ሰኔ ሲደርስ ወንድሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሰው ፊት ተጫውቶ የሚፈተንበት ቀን ተቆረጠ። እኔም የፈቃድ ማመልከቻ ጻፍሁ። ቀድሞ ቢሆን «በግል ጉዳይ» ብዬ አልፈው ነበር። በዚህኛው ላይ ግን፣ «ወንድሜ አዝማሪና የሙዚቃ ተማሪ ስለሆነ፣ የመሰንቆ ፈተናውን በምሰጥበት አዳራሽ ተገኝቼ» ብዬ ጀመርሁና፣ በድንጋጤ ፈተናውን የምሰጠው ራሴ ያስመሰልሁበትን ወረቀት ቀድጄ «በሚፈተንበት» ብዬ እንደገና ጻፍሁት። ኀላፊያችን አንብበው ቀና አሉና፣ «ያ ካዛንቺስ ያየነው ልጅ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አዎን፣ እርሱ ነው» አልሁ። ለጥቂት ጊዜ አሰቡና፣ «ያን ሌሊት ግጥሙን የሰማሁት መስሎኝ ነበር» ብለው «ተፈቅዷል» የሚል ጽፈው ፈረሙበት።

ወንድሜ በዚያ ቀን የአባታችንን ጋቢ በትከሻው ላይ አድርጎ ተጫወተ። መምህራኑ የሰጡትን ማርክ ትቼ የሰማሁትን ብቻ እናገራለሁ፤ ከመሰንቆው ላይ ጨርቁ የተነሣ ዕለት ድምፁ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ያ የአዝማሪ ቤት ዛሬ የለም። በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው የካዛንቺስ ሰፈር ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ወንድሜ አሁን ቀን ለልጆች መሰንቆ ያስተምራል፤ በሠርግ ወራት ሌሊቱን ይጫወታል። አባታችን ሲደውሉ አስቀድመው የሚጠይቁት «ገባ?» ብለው ነው። እኔም በመዝገብ ቤቴ እገኛለሁ። ያ የፈቃድ ማመልከቻ በመሥሪያ ቤታችን ፋይል ውስጥ ተቀምጧል፤ ቁጥር ሰጥቼ የመዘገብሁትም እኔው ነኝ።