ያለ ጉዳይ ጉዞ

በአገራችን መንገደኛን የሚያገኝ ሰው ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ወዴት ነው?» ብሎ ነው። ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ አይወጣም ብሎ ስለሚያምን ነው። ለቅሶ፥ ሠርግ፥ ገበያ፥ ፍርድ ቤት፥ ጠበል፥ የታመመ ዘመድ፤ ከእነዚህ አንዱን የጠቀሰ መንገደኛ «በሰላም ያግባህ» ተብሎ ይሸኛል። «እንዲያው ለመንሸራሸር ነው» ያለ ሰው ግን ወይ ሥራ ፈት ነው፥ ወይም የሚደብቀው ነገር አለው። እኔም ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱንም ሆኜ ከቤቴ ወጣሁ።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነበር፤ የሚታረም የፈተና ወረቀትም አልነበረኝም። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች በዚህ ወር የጠዋቱ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። የበጋ ሌሊት ሰማዩ ደመና የለውምና ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚያስቀርላት መጋረጃ ታጣለች፤ ሲነጋም ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። የታኅሣሥ ፀሐይም እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ታበራለች እንጂ አታሞቅም።

ሞተር ብስክሌቴ 125 ሲሲ የሆነች የሕንድ ሥሪት ናት፤ እንደ ባለቤቷም ብርድ አትወድም። ቤንዚኑን ከፍቼ፥ አየር መዝጊያውን ስቤ፥ አራት ጊዜ ብረግጣት አሳለችና ዝም አለች። ቤንዚን በብርድ ጊዜ ቶሎ አይተንም፤ በዚያ ላይ የአሰላ አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ሞተሩ በዚያው መጠን ጉልበት ይጎድለዋል። በስድስተኛው ርግጫ ተነሣች። እኔም ከካፖርቴ ሥር ጋዜጣ አጥፌ ደረቴ ላይ አኖርሁ፤ ነፋስ ለመከላከል ከጋዜጣ የሚበልጥ ነገር የለም፥ ዜናው ያረጀ ቢሆንም። ከዚያም የራስ ቁሬን ደፋሁ። ይህን ዕቃ «ቁር» ብሎ የሰየመው ሰው በታኅሣሥ ጠዋት አድርጎት የሚያውቅ ይመስለኛል።

አከራዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ከማድ ቤት ብቅ አሉ።

«በዚህ ብርድ ወዴት ነው?»

«የትም አይደለም እማማ፤ እንዲያው አየር ለመቀበል ነው።»

ዓይናቸው ከኋላ ወዳሰርሁት ፌስታል ሄደ። በውስጡ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ኪሎ ቡና ነበረ።

«አየር ለመቀበል ስኳር ይያዛል እንዴ?»

እኔም ሞተሯ ስትጮህ ያልሰማሁ መስዬ ከበር ወጣሁ።

ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚወስደው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በስተ ግራ የጭላሎ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በስተ ቀኝ ምድሩ ቀስ በቀስ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ያዘቀዝቃል። ከተራራው የሚወርዱት ጅረቶች ከከተር ወንዝ ይገቡና ከተርም ሐይቁ ውስጥ ይፈስሳል። በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ያየሁት ግን በዚያ ቅዳሜ ነው፤ ምክንያቱም በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር እንዳላልፍ ለእናቴ ምዬላታለሁ።

መሐላው ያለ ነገር አልመጣም፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። የማስተምረው ፊዚክስ ነው። በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር እጽፋለሁ፤ ይኸውም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ፍሬን ለመያዝ አስቦ እግሩ እስኪታዘዝለት አንዲት ሴኮንድ ብታልፍበት 22 ሜትር ሄዷል፤ በ40 የሚነዳው ግን 11 ሜትር ብቻ። ተማሪዎቼ ይህን አሳምረው ያሰላሉ። መምህራቸውም ያሰላ ነበር፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ።

በ40 ሲሄዱ ብዙ ነገር ይሰማል። የገብሱ ቃርሚያ ሽታ፥ የበሬዎቹ አፍ፥ የውቂያ ሆታ። የመኸር ጊዜ ስለ ነበረ በአንድ ማሳ ላይ ኮምባይነር እያጓራ ስንዴውን ይበላል፤ በአጠገቡ ባለው ቁራሽ መሬት ላይ ደግሞ አንድ አባወራ በአራት በሬ አውድማ ያበራያል። ይህ ጉርብትና በአርሲ አዲስ አይደለም። በስዊድን ርዳታ በ1960 ዓ.ም. የተጀመረውና «ካዱ» እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ የግብርና ልማት ሥራ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለዚህ አውራጃ አስተዋወቀ፤ ምርቱም በእውነት አደገ። ነገር ግን አንዳንድ ባለ መሬቶች በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣ ባዩ ጊዜ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስለቀቁ። ድርጅቱ የተቋቋመው ትንንሾቹን ገበሬዎች ሊረዳ ነበር፤ ፈጣኑ መኪና ግን ማንን እንደ ገፋ ዞር ብሎ አላየም። ይህን ሳስብ ስለ ትራክተር ብቻ እንዳላሰብሁ ልቤ ያውቀው ነበር።

ሳጉሬን ሳልፍ አንድ ልጅ ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ ከጎኔ ይሮጥ ጀመር። እግሩ ላይ የላስቲክ ጫማ፥ እጁ ላይ የበግ መጠበቂያ ዱላ አለ። ደራርቱ ቱሉ፥ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸውና በዚህ መንገድ የሚሮጥ ልጅን በቀላሉ ማየት አይገባም። ቀነኒሳ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ሲጨርስ በአማካይ በሰዓት ወደ 23 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር ማለት ነው። እኔም መቁጠሪያዬን እያየሁ ወደ 23 አወረድሁት። ልጁ ምናልባት ሁለት መቶ ርምጃ ያህል አብሮኝ ሄደና እየሳቀ ቆመ። እኔ ሞተር ላይ ተቀምጬ እንኳ ነፋሱ ዓይኔን አስለቅሶኛል፤ ያ ሰው ይህን ፍጥነት በእግሩ ለ10 ኪሎ ሜትር ያዘው ስል አሰብሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ሐሳቤን የሚያዘናጋልኝ ነገር አለቀ። ከፊቴ መታጠፊያው፥ ከመታጠፊያው በላይ ባሕር ዛፎቹ፥ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቆርቆሮ ክዳኑ ይታይ ጀመር። አንባቢ ሆይ፥ አሁን እውነቱን ልንገርህ። ጉዳይ ነበረኝ።

ባለፈው ግንቦት በአንድ ማታ ከበቆጂ ስመለስ ዝናብ መጣ። ሳይመሽብኝ ለመግባት በ80 እነዳ ነበር፤ የሚጠብቀኝ ሰው ግን አልነበረም። በዚህ መታጠፊያ በጎች መንገዱን ያቋርጡ ነበር። ፍሬኑን ያዝሁት፤ ጎማው ግን በእርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራተተ። አንዲት በግ መታሁ፥ እኔም ከነሞተሬ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነገር ነው፤ አንድ ሽማግሌ ጭንቅላቴን ደግፈው ሲይዙ፥ አንዲት ሴት ደሜን በሙቅ ውሃ ስታጥብ፥ የፈረስ ጋሪ ሲንገጫገጭ። በጋሪ እስከ ሳጉሬ፥ ከዚያም በመኪና እስከ አሰላ አደረሱኝ። የትከሻዬ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሞተሬንም እስከሚወስዳት ሰው ድረስ በግቢያቸው አቆዩልኝ። ስለ በጓ ማንም ሰው አንዲት ቃል አልተናገረም።

ትከሻዬ እስኪድን ሦስት ወር ሆነ፤ ሞተሯ እስክትጠገን ስድስት። «ሲሻለኝ ሄጄ አመሰግናለሁ፥ የበጓንም እከፍላለሁ» አልሁ። በመስከረም ስኳርና ቡና ገዛሁ፤ ሳልሄድ ቀረሁና ስኳሩን እኔው ጠጣሁት። በጥቅምት በሚኒባስ ወደ በቆጂ ስሄድ አዲስ ስኳር ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትሁ፥ ድምፄ ግን አልወጣም። ስመለስም ፊቴን ወደ ማዶ አዙሬ የተኛሁ መሰልሁ። ምስጋና ሲዘገይ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳም ሲዘገይ ሐፍረት ይሆናል፤ ሐፍረት ደግሞ በሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ያስመጣል።

በዚያ ቅዳሜም ቢሆን ጀግና አልነበርሁም። በሩን አልፌ ሄድሁ። መቶ ሜትር ያህል ከሄድሁ በኋላ ግን በ40 የሚሄድ ሰው ለማሰብ ጊዜ አለውና ዞርሁ።

ሞተሯን ሳላጠፋ አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከግቢው ሮጣ ወጣች። ሞተሯን አየች፤ እኔንም አየች፤ ቅንድቤ ላይ ያለውን ጠባሳ አየችና ወደ ውስጥ ተጣራች። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«አካም ቡልታን?» አልሁ ራሴን ዝቅ አድርጌ።

«ነጋ፥ ነጋ» አሉና እጄን ይዘው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ኦሮምኛዬ የሚበቃኝን ያህል ይቅርታ መጠየቅ ጀመርሁ፤ ስለ በጓ፥ ስለ ሰባቱ ወር፥ በፖስታ ስለ ያዝሁት ገንዘብ። እርሳቸውም እስክጨርስ አልጠበቁም።

«የበጓን ነገር ተወው» አሉ። «በግ ትወለዳለች፥ ትሞታለች። እኛን ያስቸገረን ሌላ ነው። ደምህን አጥበን በመኪና ሰደድንህ። ከዚያ በኋላ ሞተህ እንደ ሆነ ድነህ እንደ ሆነ የሚነግረን ሰው አጣን። ሞተሯን የወሰዳት ሰው መካኒክ ነኝ እንጂ ሌላ አላውቅም አለ። ስምህን አናውቅ፥ አገርህን አናውቅ። ይህች ልጅ ሞተር ባለፈ ቁጥር ወጥታ ታያለች። በጓ የእርሷ ነበረች፤ የምትጠይቀኝ ግን ስለ በጓ አልነበረም።»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። ሰባት ወር ሙሉ ዕዳዬ በግ ይመስለኝ ነበር። በግ በገንዘብ ይገዛል። እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ግን «ደኅና ነኝ» የምትለዋን ቃል ነበር፤ እርሷን ለማድረስ ስኳርም ቡናም ገንዘብም አያስፈልግም ነበር። ከሚኒባሱ መስኮት እጄን ባወዛውዝ እንኳ ይበቃ ነበር።

ወደ ቤት ገባን። ባለቤታቸው ወተት ሊያሞቁ ተነሡና መለስ ብለው «የእናንተ ጾም ነው አይደል?» አሉኝ። እነርሱ እስላሞች ናቸው፤ የገና ጾም መያዙን ግን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው አስታወሱ። በወተቱ ፈንታ የገብስ ቆሎ ቀረበ፥ ቡናም ተፈላ። ስሜንና ሥራዬን ጠየቁኝ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌው «ባርሲሳ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር፤ መምህር ማለት ነው። ገንዘቡን እምቢ አሉ። ሦስት ጊዜ ለመንሁ፥ ሦስት ጊዜ መለሱት። በመጨረሻ «በጓ የልጅቱ ከሆነች እርሷ ትወስን» ብል ሳቁና ዝም አሉ። ልጅቱም ፖስታውን በሁለት እጇ ተቀብላ፥

«ያቺው ሞተር ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ያቺው ናት።»

«እንግዲያው ስታልፍ ጥሩምባውን ንፋ፤ አንተ መሆንህን እንድናውቅ።»

ወደ አሰላ ስመለስ ፀሐይዋ በስተ ግራ አዘቅዝቃ፥ የጭላሎ ራስ በማታው ብርሃን ቀልቶ ነበር። በየደጁ እጅ ሲያነሡልኝ እጄን እያነሣሁ፥ «ወዴት ነው?» ሲሉኝ «ወደ ቤቴ» እያልሁ ሄድሁ። ዝግታ ከአደጋ ያድናል ብላ እናቴ አስምላኛለች፤ ልክ ናት። ነገር ግን ሌላም ጥቅም አለው። የሚፈጥን ሰው ሌላው ሰው እርሱን እየጠበቀ መሆኑን የሚያውቅበት ጊዜ የለውም።

ከቤት ስደርስ አከራዬ በር ላይ ቆመው ነበር።

«እህ፥ አየሩ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ጉዳይ ነበረኝ እማማ።»

«ስኳሩን ሳይ መች አጣሁት» አሉና ራታቸውን ሊሠሩ ገቡ።