ሪፍራክቶሜትሩ ያላየው

በወንጂ ያደገ ልጅ «ብሪክስ» የሚለውን ቃል የሚሰማው ፊዚክስ ከመማሩ አስቀድሞ ነው። አባቴ በሸንኮራ አገዳው ማሳ ናሙና ሰብሳቢ ነበሩ። ከአገዳው ሥር በኩል ጥቂት ጭማቂ፣ ከጫፉም በኩል ጥቂት ጭማቂ ወስደው፣ ከስንዝር በማትበልጠው የእጅ ሪፍራክቶሜትር ፕሪዝም ላይ ጠብ ያደርጉና ወደ ብርሃን አቅንተው ያነቡ ነበር። ያልበሰለ አገዳ ሥሩ ይጣፍጣል፣ ጫፉ ግን ውሃ ውሃ ይላል፤ እየበሰለ ሲሄድ ሁለቱ ንባቦች ይቀራረባሉ፤ ያን ጊዜ ለቆረጣ ደርሷል ይባላል። አንዳንድ ቀን እኔም እንዳይ ይፈቅዱልኝ ነበር። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ፣ በመካከላቸው አንድ መስመር፣ በጎኑ ቁጥር።

በማስተርስ ትምህርቴ የመጀመሪያ ዓመት ስለ አትክልት የንጥረ ምግብ ይዘት ሳነብ ያችው መሣሪያ ድንገት ብትገጥመኝ እንደ ዘመድ ተቀበልኋት። ኬሪ ሪምስ የተባለ አሜሪካዊ የግብርና ባለሙያ ያስፋፋው ሠንጠረዥ የየአትክልቱን ጭማቂ በብሪክስ ንባብ ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ፣ እጅግ ጥሩ እያለ ይመድባል። ለቲማቲም 4 ደካማ ነው፤ 12 እጅግ ጥሩ። ከሠንጠረዡ ጀርባ ያለው እምነት ከፍ ያለ ንባብ ያለው ፍሬ በማዕድንም በቫይታሚንም የበለጸገ ነው የሚል ነው። አንዲት የማዕድን ናሙና በላቦራቶሪ ለማስመርመር የሚጠየቀውን ገንዘብ የሚያውቅ ተማሪ ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያጓጓ ይረዳልኛል። አማካሪዬ ጥርጣሬያቸውን ቢገልጹልኝም ፕሮፖዛሌን በዚሁ ላይ አቆምሁት።

መስኬ በመቂ አካባቢ፣ በመስኖ ቲማቲም በሚመረትበት ቆላ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎችን ለካሁ። ዝርያው በሁለቱም ሮማ ቪኤፍ ነው። የአንዱ አማካይ ንባብ 6.4 ሆነ፤ የጎረቤቱ፣ የአንዲት እናት ማሳ፣ 4.2። እኚህ እናት የእጄን መሣሪያ ሲያዩ ቆይተው «የኔስ ስንት ሆነ ልጄ?» አሉኝ። ቁጥሩን ነገርኋቸው። ቁጥሩን ብቻ ተናግሬ ዝም ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገኝ። ነገር ግን ሠንጠረዡ በቦርሳዬ ነበርና «ደካማ» የሚለውንም ጨመርሁበት። ምን ላድርግ ሲሉኝ ደግሞ ውሃውን እንዲያራርቁት መከርኋቸው፤ ውሃ ሲቀንስ ንባቡ እንደሚጨምር አንብቤአለሁና። በአራት ቀን አንዴ ያጠጡ የነበረውን ወደ ዘጠኝና አሥር ቀን አራዘሙት።

ከአንድ ወር በኋላ ስመለስ የማሳቸው ንባብ 5.8 ደርሷል። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከቁጥሩ ጎን የቃለ አጋኖ ምልክት ማድረጌን አሁንም ገልጬ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። እናቲቱ ግን አንድ ሳፋ ቲማቲም ይዘው መጡ። ፍሬዎቹ አነስ አነስ ያሉ፣ ቀለማቸው ደህና፣ ታችኛው ጫፋቸው ግን ጠቁሮ የሰረጎደ ነበር። «ነጋዴው ይህን ከሳጥን ውስጥ አላስገባም አለኝ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

የፍሬ ጫፍ መጥቆር ለዘርፉ ሰው እንግዳ አይደለም። ካልሲየም በተክሉ ውስጥ የሚጓዘው ከሥር ከሚወጣው ውሃ ጋር ነው፤ አብዛኛውም ውሃ በብዛት ወደሚተንባቸው ቅጠሎች ይሄዳል። ውሃው ሲያጥር ወይም ሲቆራረጥ፣ አፈሩ ካልሲየም ባይጎድለው እንኳ፣ በማደግ ላይ ላለው ፍሬ ጫፍ የሚደርሰው ያንሳል፤ ሕዋሳቱም ይፈርሳሉ። እንግዲህ መሣሪያዬ «ተሻሻለ» ያለችው ፍሬ ካልሲየም እንደ ጎደለው በገዛ ገላው ላይ ጽፎ የመጣ ፍሬ ነበር። ከፍተኛውን ንባብ የሰጠኝ የጎረቤት ማሳም፣ ዘግይቼ እንደ ጠየቅሁት፣ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ውሃ ያላየ ነው።

ማታ ለአባቴ ስልክ ደወልሁ። እስከ መጨረሻው ካዳመጡኝ በኋላ፣ «እኛ እኮ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ውሃውን የምናቋርጠው ሆን ብለን ነው። የምንፈልገው ስኳሩን ነዋ። አንቺ ከቲማቲሙ የፈለግሽው ምን ነበር?» አሉኝ።

በዚያ ሳምንት አስቀድሜ መሥራት የነበረብኝን ስሌት ሠራሁ። ኤርነስት አቤ በየና ከተማ ሠርቶ በ1874 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው መሣሪያም ሆነ የእኔዋ ትንሿ የምትመረምረው አንድ ነገር ነው፤ ብርሃን ከፕሪዝሙ ወደ ፈሳሹ ሲሻገር ምን ያህል እንደሚሰበር። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የንጹሕ ውሃ የስብረት መጠን 1.3330 ነው፤ በመቶ ግራም ውስጥ 10 ግራም ስኳር ያለው ሙሙት ደግሞ 1.3478። ብሪክስ ይህን ልዩነት ወደ ስኳር ግራም የሚመነዝር ሚዛን ነው። አሲዱም፣ ጨውም፣ አሚኖ አሲዱም ብርሃኑን ይሰብራሉ፤ መሣሪያዋ ግን ሁሉንም ስኳር ብላ ትቆጥራቸዋለች።

የመሣሪያዬ ትንሿ ጭረት 0.2 ናት፤ ይኸውም በመቶ ግራም ጭማቂ 200 ሚሊግራም። በመቶ ግራም ቲማቲም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ 15 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ብረቱ አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ቲማቲሙ ቫይታሚን ሲውን በሙሉ ቢያጣ መስመሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ቀይ ቀለሙን የሚሰጠው ላይኮፒን ከነጭራሹ በውሃ አይሟሟም፤ ጭማቂውን በሻሽ ሳጠልል ከሥጋው ጋር አብሬ የምጥለው እሱን ነበር። ሙቀቱ ደግሞ ለብቻው ያሳስታል። የእኔዋ መሣሪያ የሙቀት ማስተካከያ የላትም፤ ጭማቂው ከ20 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.07 ያህል ዝቅ አድርጋ ታነባለች። ለመቂ ቀትር ይህ ከፈለግሁት ቫይታሚን ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ስሕተት ነው።

መሣሪያዋን አላማም። ጣዕምን ለመገመት፣ የመልቀሚያ ጊዜን ለመወሰን፣ የአንድን ዝርያ ፍሬ በአንድ ዓይነት ውሃና ሰዓት ለማወዳደር እስካሁን የምትተካኝ አላገኘሁም፤ የድልህ ፋብሪካም ያለ እርሷ አይሠራም። የማልቀበለው «ስንት ስኳር?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠን መልስ «ምን ያህል ይመግባል?» በሚለው ሥር መጻፍን ነው። ይህን የምለው በየማሳው መሣሪያዋን ይዘው የሚዞሩ ተማሪዎች እየበዙ ስለሆነ ነው፤ ገበሬ ደግሞ ቁጥር ይዞ የመጣን ሰው ያምናል።

ፕሮፖዛሌን ለውጬ በናሙና ብዛት ፋንታ ጥቂት ናሙናዎችን በላቦራቶሪ ማስመርመርን መረጥሁ። በሠንጠረዤ «የንጥረ ምግብ ደረጃ» ይል የነበረው ዓምድ አሁን «የሟሙ ጠጣሮች» ይላል። ለእናቲቱ የከሰሩትን ልክፈል ብላቸው እምቢ አሉ፤ በምትኩ የሚቀጥለውን ለቀማ ሳጥን በመሸከም እንዳግዛቸው ነገሩኝና አገዝሁ። ውሃው ወደ አራት ቀኑ ተመልሷል፤ ጫፉ የጠቆረ ፍሬ በዚያን ዕለት ከጥቂት በቀር አላየሁም። ንባቡ 4.4 ነበር። የካልሲየሙ ውጤት ከላቦራቶሪ ገና አልመጣም።